ከሴኡል ቶኪዮ ስንት ሰዓት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለጠየቀኝ ሁሉ "ሁለት ሰዓት ተኩል ነው" እያልኩ ስመልስ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን አንድ ጓደኛዬ ከቶኪዮ ደወለልኝ። ድምፁ ደክሟል፣ ትንሽም ተናዷል። "ሁለት ሰዓት ተኩል ያልከኝ እኮ ስምንት ሰዓት ሆነብኝ!" አለኝ። እውነቱን ነው። በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀኑን የበላው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ከሰዓቱ በፊት የኤርፖርቱን ስም እንዲያይ እነግረዋለሁ። ጥያቄዎቹ ስለበዙ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ከሴኡል እስከ ቶኪዮ ርቀቱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ከመሀል ከተማ እስከ መሀል ከተማ፣ ወፍ እንደሚበረው ቀጥ ብሎ ሲለካ 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ ሰው የሚገባው ንጽጽር ይህ ነው፦ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ማለት ነው። በጣም ይቀራረባሉ። ናይሮቢ በርራችሁ የምታውቁ ከሆነ ሻይ ተጠጥቶ፣ ትንሽ ተበልቶ፣ "ቀበቶ እሰሩ" እንደሚባለው እዚህም ያው ነው።

ታዲያ አንዱ 1,160፣ ሌላው 1,180፣ ሌላው 1,260 የሚለው ለምንድነው? ማንን ልመን?

ሁሉንም። የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ሴኡል ሁለት ኤርፖርት አላት፤ ኢንቾን እና ጊምፖ። ቶኪዮም ሁለት አላት፤ ናሪታ እና ሃኔዳ። ኢንቾን ከሴኡል በስተ ምዕራብ ባሕሩ ውስጥ ደሴት ላይ ነው የተሠራው፤ ናሪታ ደግሞ ከቶኪዮ በስተ ምሥራቅ ርቆ ነው ያለው። ሁለቱም ከየከተማቸው ወደ ውጭ ስለሸሹ በመካከላቸው ያለው ርቀት 1,260 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጊምፖና ሃኔዳ ግን ለከተማው ቅርብ ስለሆኑ 1,180 ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ራሱ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አይሄድም። በአየር መንገዶች መስመር ታጥፎ፣ ለማረፍ ተራ ጠብቆ፣ ዞሮ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ በትክክል የሚበረው ከዚህ ሁሉ ትንሽ ይበልጣል።

በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ከሴኡል ወደ ቶኪዮ፦ ቲኬት ላይ ከ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ታያላችሁ።

ከቶኪዮ ወደ ሴኡል፦ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ።

ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት ግን አየር ላይ ያለው ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከበሩ ከተላቀቀበት ጀምሮ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ነው የሚቆጠረው። ኢንቾን ሰፊ ነው፤ መሬት ላይ መንከባለሉ ብቻ አንዳንዴ ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ናሪታም እንደዚያው። አንዳንድ ሰው "አውሮፕላን በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ከሄደ አንድ ሰዓት ተኩል መሆን ነበረበት" ብሎ ይሟገተኛል። ልክ ነው፣ መሀል ላይ። ነገር ግን በአጭር በረራ ላይ ግማሹ ጊዜ መውጣትና መውረድ ነው፤ ሙሉ ፍጥነት ላይ የሚቆየው ትንሽ ነው። የታክሲ ጉዞ ይመስላል፤ ከቦሌ መገናኛ ኪሎ ሜትሩን ቆጥሮ ሰዓቱን የሚያሰላ ሰው የለም።

መመለሻው ለምን ይረዝማል? አብራሪዎቹ ናቸው?

ነፋሱ ነው። ከጃፓን በላይ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ የነፋስ ወንዝ አለ። በክረምታቸው፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ በዓለም ላይ በጣም ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ማለፉ የተለመደ ነው። ወደ ቶኪዮ ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል፤ ወደ ሴኡል ስትመለሱ ፊት ለፊት ይጋፋችኋል። ስለዚህ በጥር ወር መሄጃና መመለሻው በግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊለያይ ይችላል። በሐምሌና ነሐሴ ነፋሱ ደክሞ ወደ ሰሜን ስለሚሸሽ ልዩነቱ ይጠባል።

ይህን ነፋስ ቀድሞ ለክቶ ያወቀው ዋሳቡሮ ኦይሺ የሚባል የጃፓን የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነው። በ1920ዎቹ ከቶኪዮ ሰሜን ምሥራቅ ባለ ጣቢያ ሆኖ ፊኛ እየለቀቀ ለካው። ችግሩ ውጤቱን በ1926 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ኤስፔራንቶ በሚባል ሰው ሠራሽ ቋንቋ ነበር፤ ዓለም ሁሉ እንዲያነበው ብሎ። ማን ያንብበው! የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በ1944 ቶኪዮ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ እየገፋ ኢላማቸውን ሲያስታቸው እንግዳ ሆነባቸው።

ለመንገደኛ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ በክረምት ወደ ቶኪዮ ስትሄዱ አውሮፕላኑ ሊንገጫገጭ ይችላል። ቀበቶውን አትፍቱ፤ ትኩስ ቡና ከመጣ ደግሞ ግማሽ ብቻ አስቀዱ።

የትኛው ኤርፖርት ይሻለኛል?

ይህ ነው ዋናው ጥያቄ፤ ግን ሰው በመጨረሻ ነው የሚጠይቀው፣ ያውም ቲኬቱን ከቆረጠ በኋላ።

ጊምፖ ከሴኡል መሀል 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሜትሮ ትገባላችሁ። ኢንቾን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሴኡል ጣቢያ የሚነሳው ፈጣኑ ባቡር ወደ ተርሚናል 1 በ43 ደቂቃ ያደርሳል፣ በየጣቢያው የሚቆመው ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ። በቶኪዮ በኩል ሃኔዳ ከተማው ጥግ ላይ ነው፤ ከኤርፖርቱ ሺናጋዋ ጣቢያ በባቡር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ናሪታ ከቶኪዮ መሀል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሌላ አውራጃ፣ ቺባ ውስጥ ነው። ስካይላይነር የሚባለው ፈጣን ባቡር እስከ ኒፖሪ ጣቢያ 40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያ ደግሞ ወደምትሄዱበት ሌላ ባቡር መያዝ አለ።

ነገሩ ታሪክም አለው። ናሪታ በ1978 እ.ኤ.አ. ሲከፈት መሬታችንን አንሰጥም ያሉ ገበሬዎችና አብረዋቸው የቆሙ ተማሪዎች ለዓመታት ከፖሊስ ጋር ተጋጭተዋል። ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ተቃዋሚዎች መቆጣጠሪያ ማማው ውስጥ ገብተው መሣሪያውን ሰባበሩት፤ መክፈቻውም ተራዘመ። ዛሬም ናሪታ ሌሊት ይዘጋል። ከኤርፖርቱ አጠገብ የሚኖረው ሰው መተኛት አለበት ተብሎ ነው። ናሪታ ሲከፈት ዓለም አቀፍ በረራው ከሞላ ጎደል ወደዚያ ሄደ፤ ሃኔዳ ለአገር ውስጥ ቀረ። ሴኡል ላይም ኢንቾን በ2001 ሲከፈት ጊምፖ እንዲሁ ሆነ። ሁለቱ አሮጌ ኤርፖርቶች ከተማ ውስጥ ቁጭ ብለው ከረሙና በኅዳር 2003 እ.ኤ.አ. እርስ በርስ የሚያገናኛቸው መስመር ተከፈተ። እስከ ዛሬ የነጋዴና የቢሮ ሰው መስመር ነው። ጠዋት ሄዶ፣ ስብሰባ ገብቶ፣ ማታ እቤቱ የሚገባ ሰው አለ።

እንግዲህ ምርጫው ይህን ይመስላል። ጊዜ ከሌላችሁ ጊምፖ–ሃኔዳ። ገንዘብ ከሌላችሁ ኢንቾን–ናሪታ፤ ርካሾቹ አየር መንገዶች በብዛት ያሉት እዚያ ነው። ኢንቾን–ሃኔዳ ደግሞ መሀል ላይ ነው፤ ግን ተጠንቀቁ፣ አንዳንዶቹ ሃኔዳ የሚገቡት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ሃኔዳ ሌሊትም ክፍት ነው፤ የቶኪዮ ባቡር ግን እኩለ ሌሊት አካባቢ ይቆማል። ስለዚህ ወይ ታክሲ ትይዛላችሁ፣ ወይ ወንበር ላይ ታድራላችሁ። በቲኬቱ ላይ ያተረፋችሁትን ለታክሲው ትከፍላላችሁ።

ከቤት እስከ ቤት በእውነት ስንት ሰዓት ልያዝ?

በእኔ ስሌት ጊምፖ–ሃኔዳ ከሆነ ከአምስት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል። ወደ ኤርፖርቱ ግማሽ ሰዓት፣ እዚያ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በረራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ እንደ ሰልፉ፣ ከዚያ ባቡር። ኢንቾን–ናሪታ ከሆነ ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ስምንትም ይሆናል። ጓደኛዬን የበላው ይህ ነው። ልብ በሉ፣ ሁለቱም በረራዎች ቲኬት ላይ ሲታዩ ልዩነታቸው ሩብ ሰዓት ነው!

ቶኪዮ ያለው ዘመዴ ካትሱሺካ ነው። እኔም ናሪታን ልሽሽ?

እናንተ አትሽሹ። ካትሱሺካ፣ በተለይ ዮትሱጊ አካባቢ፣ ቶኪዮ ውስጥ ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት ሰፈር ነው። የከተማው ምሥራቅ ዳር፣ ወደ ናሪታ በኩል ማለት ነው። ከናሪታ የኬይሴይ መስመርን አክሰስ ኤክስፕረስ ባቡር ይዛችሁ አኦቶ ላይ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ በየጣቢያው የሚቆመውን ስትይዙ ዮትሱጊ ሁለተኛው ፌርማታ ነው። መሀል ከተማ ገብቶ መውጣት የለም። እንግዲህ "ናሪታ ሩቅ ነው" የሚባለው ሺንጁኩ ወይም ሺቡያ ሆቴል ለያዘ ቱሪስት ነው።

የሰዓት ልዩነት አለ?

በሴኡልና በቶኪዮ መካከል የለም። ሁለቱም አንድ ሰዓት ነው የሚጠቀሙት። ክረምት በጋ ብለው ሰዓት አያቀያይሩም። የሚለየው ፀሐይዋ ነው፤ ቶኪዮ ወደ ምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ ከሴኡል 50 ደቂቃ ገደማ ቀድማ ትወጣባታለች። በሰኔ ወር ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ መስኮቱ ይነጋል። መጋረጃው ስስ ከሆነ መተኛት የለም።

ከአዲስ አበባ ጋር ግን ስድስት ሰዓት ይለያሉ፤ እነሱ ይቀድማሉ። እዚህ ጋ በጣም የምወደው ነገር አለ። ሰዓታችሁን በሐበሻ አቆጣጠር የምትሞሉ ከሆነ ሴኡል ወይም ቶኪዮ ስትደርሱ መቀየር አያስፈልጋችሁም! አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ቶኪዮ ጠዋት 9:00 ነው። አዲስ አበባ ከቀኑ 8:40 ሲሆን ቶኪዮ ማታ 8:40 ነው። የሐበሻ ሰዓት ከፈረንጁ በስድስት ይለያል፣ ቶኪዮም ከአዲስ አበባ በስድስት ይለያል፤ ሁለቱ ተጣጥፈው እኩል ይመጣሉ። ሌሊቱና ቀኑ ብቻ ነው የሚገለበጠው። ባለ ዘንግ ሰዓት የምታስር እናታችሁን ይዛችሁ የምትጓዙ ከሆነ "እማዬ፣ እንዳትነኪው" በሏት።

ስልክ ላይ ስታወሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቲኬቱ ላይ 09:00 አይታችሁ ተቀባያችሁን "9 ሰዓት እደርሳለሁ" ብትሉት ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ እዚያ የኖረ ሐበሻ ራሱ አንዳንዴ በዚህ አንዳንዴ በዚያ ስለሚያወራ "በፈረንጅ ነው በሐበሻ?" ማለት አይደበርም። የተወሰነ ሰው ኤርፖርት ላይ የሚቀረው በዚህ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚህ መስመር ይበራል?

አዎ። አየር መንገዱ ኢንቾን መብረር የጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሆን ናሪታን በ2015 ጨመረ። መጀመሪያ ቶኪዮ የሚሄደው በሆንግ ኮንግ በኩል ነበር፤ በኋላ በሴኡል በኩል ሆነ። አዲስ አበባ–ኢንቾን–ናሪታ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ኢንቾን ራሱ 9,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚያ በኋላ የምትቀረው የቶኪዮዋ ክፍል ጭራ ናት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ያቺ ጭራ ለብቻዋም ትሸጣለች። አንድ አየር መንገድ በሁለት የውጭ አገሮች መካከል መንገደኛ እንዲጭን የሚያስችል መብት አለ፤ አምስተኛው የአየር ነፃነት ይሉታል። ስለዚህ አዲስ አበባን አይተው የማያውቁ ኮሪያውያንና ጃፓናውያን ለሽርሽር በኢትዮጵያ አውሮፕላን ሲሳፈሩ ታያላችሁ። አውሮፕላኑ ለረጅም በረራ የተሠራ ሰፊ ስለሆነ ለሁለት ሰዓት መንገድ ቅንጦት ነው። ርካሾቹ አየር መንገዶች ጠባብ ወንበር ላይ ጉልበታችሁን አገጫችሁ ሥር አድርገው ሲወስዷችሁ እዚህ እግር ይዘረጋል፤ ምግብም አለ። በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል የሳምንቱን ቀናት አይታችሁ ቁረጡ።

እኔ አንድ ጊዜ በዚህ ሄጃለሁ። ከጎኔ የነበሩ አንዲት ኮሪያዊት አዛውንት አስተናጋጇን በእጅ ምልክት "እሷ የአንተ አገር ሰው ናት?" ብለው ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው አውራ ጣታቸውን አነሱልኝ።

ቪዛስ? የኮሪያ ቪዛ ካለኝ ጃፓን ያስገባኛል?

አያስገባም። ሁለት የተለያዩ አገሮች፣ ሁለት የተለያዩ ቪዛዎች። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ለሁለቱም ቀድሞ ማመልከት ግድ ነው፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ኤምባሲ አላቸው። "ቅርብ ለቅርብ ናቸው እኮ" ብሎ ሴኡል ከገባ በኋላ ቶኪዮን ለማየት የተነሳ ሰው ቼክ ኢን ላይ ነው የሚመለሰው፤ አውሮፕላኑ በር እንኳ አይደርስም። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) እዚህ ከቪዛ ነፃ አያደርግም፤ የሚጠቅመው እዚያው ካላችሁበት አገር ሆናችሁ ለማመልከት ነው።

የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአብዛኞቹን የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት የያዛችሁ ለአጭር ጉብኝት ሁለቱም ጋ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። ፓስፖርት ነው ያልኩት፤ ግሪን ካርድ አላልኩም። ይህን ሳልጽፍ ብተው ነገ አሥር ሰው ይጠይቀኛል።

ሻንጣ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

መጀመሪያ ክብደቱ። ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛችሁ መጥታችሁ ከሴኡል ቶኪዮ በሌላ ቲኬት በርካሽ አየር መንገድ የምትቀጥሉ ከሆነ ችግር አለ። እነዚህ አየር መንገዶች በዋናው ዋጋ ብዙ ጊዜ የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚሰጡት፤ አንዳንዶቹ 7፣ አንዳንዶቹ 10 ኪሎ። ትርፉን ኤርፖርት ላይ ብትከፍሉ ከቲኬቱ ይበልጣል። እኔ ለአንድ ሻንጣ ከመቀመጫዬ የበለጠ ከፍዬ አውቃለሁ። ሻንጣው መስኮት ዳር ቢቀመጥ ይሻል ነበር። ቲኬቱን ስትቆርጡ እዚያው በኢንተርኔት ክፈሉ።

ሁለተኛ፣ ቋንጣ። ጃፓን ሥጋና የሥጋ ውጤት ያለ ምርመራ ወረቀት አታስገባም። የደረቀም ቢሆን፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለእህቴ ነው ብትሉም። የሠለጠኑ ውሾች ሻንጣ መቀበያው ጋ እየዞሩ ያሸታሉ፤ ቋንጣ ደግሞ ሽታው አይደበቅም። ኮሪያም እንዲሁ ናት። ደብቆ የተያዘ ሰው ቅጣቱ ቀላል አይደለም። በርበሬና ሽሮ ግን ሥጋ ስላልሆነ ሌላ ነው፤ አሽጋችሁ፣ ሲጠይቋችሁም አውጥታችሁ አሳዩ። ከሴኡል ኪምቺ ለምትገዙ ደግሞ ኪምቺ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በእጅ ሻንጣ አያልፍም። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፣ ደህና አድርጋችሁ ጠቅልሉት፤ ከፈነዳ ልብሳችሁን ለወር ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛ፣ ፓወር ባንክ። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ቡሳን ላይ አንድ አውሮፕላን መሬት ላይ እያለ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ኮሪያ ደንቡን አጥብቃለች፤ ጃፓንም ተከትላለች። ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ከራስ በላይ ባለው ሳጥንም አይቀመጥም። ከእናንተው ጋር፣ ዓይናችሁ ሥር ነው የሚሆነው።

በባቡር ወይም በመርከብ መሄድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ለመድረስ ሳይሆን ለመንገዱ ብሎ ለሚሄድ ሰው ነው። መካከላቸው ባሕር አለ፤ ድልድይም ዋሻም የለም። ከሴኡል ቡሳን በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ከቡሳን ፉኩኦካ በመርከብ፤ ማታ ተሳፍራችሁ ጠዋት የፉኩኦካው ሃካታ ወደብ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ሺንካንሰን በሚባለው የጃፓን ፈጣን ባቡር እስከ ቶኪዮ አምስት ሰዓት፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ። ባጠቃላይ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ነው። ቀድሞ ባሕሩን ከአራት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚያሻግር ፈጣን ጀልባ ነበር፤ በ2024 አገልግሎቱ ቆሟል። ወጪው ከአውሮፕላኑ ይበልጣል። እኔ ግን አንድ ጊዜ ሞክሩት እላለሁ፤ ቡሳን ወደብ ላይ ቆሞ ማየት ለእኛ ሰው ሌላ ስሜት አለው። ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከጅቡቲ በመርከብ ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዞ የወረደው እዚያ ነው። እኛ 11 ሰዓት በረራ ከበደን እያልን እናማርራለን!

መቼ ነው የሚረክሰው?

መስመሩ በዓለም ላይ በጣም ሰው ከሚበዛባቸው ዓለም አቀፍ መስመሮች አንዱ ነው። በ2024 በኢንቾንና ናሪታ መካከል ብቻ ከ5 ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ቀርቧል። ብዙ አየር መንገድ ስለሚሻማበት ዋጋው ሊወርድ ይችላል። ከባዱ ጊዜ የሁለቱ አገሮች በዓል ነው፤ የጃፓኖቹ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ያለው ሳምንትና የነሐሴ አጋማሽ፣ የኮሪያዎቹ የጨረቃ አዲስ ዓመትና ቹሶክ የሚባለው የመኸር በዓል። የቼሪ አበባ ሰሞንም እሳት ነው። ከዚያ ውጭ ማክሰኞና ረቡዕ ደህና ናቸው፤ ዓርብ ማታ ግን ሴኡል ሙሉው ቶኪዮ ሊያድር የሚወጣ ይመስላል።

ከአውሮፕላኑ ላይ ፉጂ ተራራ ይታያል?

ሰማዩ ከጠራ አዎ፤ በክረምታቸው ዕድላችሁ ሰፊ ነው። 3,776 ሜትር ነው። ከራስ ዳሸን ያጥራል፤ ግን ብቻውን ስለቆመ ግርማው ሌላ ነው።

ናሪታ አርፌ ከሃኔዳ ወደ ሌላ የጃፓን ከተማ ብቀጥልስ? በሁለት ሰዓት ይደርሳል?

አይደርስም። ሁለቱን ኤርፖርቶች የሚያገናኘው ባቡር ብቻውን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ኢሚግሬሽን አለ፤ ሻንጣ መጠበቅ አለ፤ እንደገና ቼክ ኢን አለ። አራት ሰዓት ካላገኛችሁ አትሞክሩት፤ በተለየ ቲኬት ከሆነ አምስት። ሴኡል ላይ የኢንቾንና የጊምፖ ርቀት ይሻላል፤ በባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው። እዚያ ሦስት ሰዓት ተኩል ካለ ይሞከራል፤ ግን ከኤርፖርቱ ስለምትወጡ የኮሪያ ቪዛ ያስፈልጋችኋል፤ ይህን አንድ ሰው ትናንት ጠይቆኝ ነበር፣ ቲኬቱን ግን ቀድሞ ቆርጦታል።